መርፌው ሲጀመር፣ ሚዛኑ ሲቆም

ቅዳሜ ማታ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ የአንድ ልጅ የኮሌጅ ምርቃት ድግስ ላይ ነን። አዳራሹ ጢም ብሏል። ከአጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ሳህን ላይ ግማሽ እንጀራ፣ ትንሽ ጎመን፣ አንድ ሁለት ፍሬ ጥብስ አለ፤ እሱንም ነካ አድርጋ ትተዋለች። ሃምሳ ዓመት አልፏታል፤ በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ በረዳት ነርስነት ትሠራለች። ከማዶ የተቀመጡት እናት ዶሮ ወጡን በእንጀራ ጠቅልለው እጃቸውን ዘረጉ። «በሞቴ!» አሉ። የትልቅ ሰው ጉርሻ አይመለስም፤ ተቀበለች። ሁለተኛው ሲመጣ ግን እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ይቅርታ እትዬ፣ ጨጓራዬን እያመመኝ ነው» አለች። እናትየው ከላይ እስከ ታች ገረመሟት። «እኔማ ልጠይቅሽ ነበር። ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የከሳሽው? ታመሻል እንዴ ልጄ?»

ጨጓራዋ ደህና ነው። መኪና ማቆሚያው ጋ ስንደርስ ነገረችኝ። አምስት ወር ሆኗታል፤ በሳምንት አንዴ ሆዷ ላይ ዊጎቪ የሚባለውን የክብደት መቀነሻ መርፌ ትወጋለች። ከባሏና ከሐኪሟ በቀር የሚያውቅ የለም። ለምን ትደብቂያለሽ ብላት «ብነግራቸው ሰነፍ ይሉኛል፤ ዝም ካልኩ በሽተኛ ይሉኛል። በሽተኛ ይሻለኛል» አለች።

በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ ሐበሾች ዘንድ እንዲህ ያለው «ጨጓራ» በዝቷል። ሰዉ ስለ መርፌው በሹክሹክታ ሲጠያየቅ መጀመሪያ የሚያነሳው ስንት ኪሎ እንደሚቀንስ ነው። መልስ አለው፣ እደርስበታለሁ። እምብዛም የማይነሳው ቀጥሎ የሚመጣው ነው፤ ስድስተኛው ወር ላይ፣ ሁለተኛው ዓመት ላይ፣ መድኃኒቱ የተቋረጠ ዕለት ምን ይሆናል? እኔ ካነጋገርኳቸው ብዙዎቹ መርፌውን የጀመሩት ለልጅ ሠርግ ወይም ለአዲስ አበባ ጉዞ ነው፤ ደርሰው እስኪመለሱ ድረስ። መድኃኒቱ የተጠናውና የተፈቀደው ግን እንደ ደም ግፊት ክኒን ዓመት ከዓመት እንዲወሰድ ነው። በሰዉ ሐሳብና በመድኃኒቱ መካከል ያለው ይህ ልዩነት ብዙ ሰው ገንዘቡንም ተስፋውንም የሚያጣበት ቦታ ነው።

ነገሩ የሚነሳው ከአንጀት ነው። ምግብ ስንበላ አንጀታችን ጂኤልፒ-1 የሚባል ሆርሞን ይለቃል። ሆርሞኑ ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ይቀሰቅሳል፤ ጨጓራ የያዘውን ቶሎ እንዳያወርድ ያዘገየዋል፤ ለአንጎልም የጥጋብ መልእክት ያደርሳል። ሆኖም ዕድሜው አጭር ነው፤ ደም ውስጥ በገባ በሁለት ደቂቃ ገደማ ግማሹ ይፈርሳል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጆን ኢንግ የተባሉ የኒውዮርክ ሐኪም ጊላ ሞንስተር ከሚባል መርዘኛ የበረሃ እንሽላሊት መርዝ ውስጥ ይህንኑ ሆርሞን የሚመስል፣ ነገር ግን ቶሎ የማይፈርስ ነገር አገኙ። ከዚያ የተወለደው ባየታ በ2005 ለስኳር ሕሙማን ተፈቀደ፤ በቀን ሁለቴ ይወጋ ነበር። ዴንማርክ ውስጥ ደግሞ የመድኃኒት አምራቹ የኖቮ ኖርዲስኳ ሳይንቲስት ሎተ ቢየሬ ክኑድሰንና ባልደረቦቿ ሆርሞኑ ላይ የስብ አሲድ ቀጠሉበት፤ በዚያ ደም ውስጥ ካለው አልቡሚን ጋር ተጣብቆ ይቆያል። መጀመሪያ በቀን አንዴ የሚወጋው ሊራግሉታይድ፣ ቀጥሎ በሳምንት አንዴ የሚወጋው ሴማግሉታይድ ወጣ። ክኑድሰን ሆርሞኑን ቀድመው ካጠኑት ከጆኤል ሃበነርና ከስቬትላና ሞይሶቭ ጋር የ2024ን የላስከር ሽልማት ተጋርታለች።

ሴማግሉታይድ በ2017 ኦዜምፒክ ተብሎ ለስኳር፣ በ2021 ዊጎቪ ተብሎ ለክብደት በአሜሪካ ተፈቀደ። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ የሚለያየው መጠኑና ፈቃዱ ነው። ሁለት ሆርሞን አንድ ላይ የሚመስለው ቲርዜፓታይድም እንዲሁ ሁለት ስም አለው፤ ማውንጃሮ ለስኳር፣ ዜፕባውንድ ለክብደት። ለክብደት የሚታዘዘው ኪሎው በቁመት ስኩዌር ተካፍሎ 30ና ከዚያ በላይ ለሚሆን ሰው፣ ወይም 27 ሆኖ እንደ ደም ግፊትና ስኳር ያለ ተጓዳኝ በሽታ ላለበት ነው። ቁመቷ 1 ሜትር ከ60 ለሆነ ሴት 30 ማለት 77 ኪሎ ገደማ ነው። ለሠርግ አምስት ኪሎ ላራግፍ ለሚል ሰው የተሠራ ነገር አይደለም።

የረዳት ነርሷ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከንጥር ቅቤው ማሰሮ ጎን አንድ ካርቶን ተቀምጧል። አራት ብዕር የሚመስሉ ነገሮች አሉበት፤ ለአራት ሳምንት። መርፌው አይታይም፤ ቆብ ውስጥ ተደብቋል። ቆቡን ነቅላ ሆዷ ላይ፣ ከእምብርቷ ራቅ አድርጋ ጫን ስትለው «ቀጭ» ይላል፤ ቆየት ብሎ ሁለተኛው «ቀጭ» ይሰማል፤ የብዕሩ መስኮት ላይ ያለው ቢጫ ምልክት መጓዙን እስኪያቆም ድረስ አታነሳውም። በቃ። የምትወጋው ሐሙስ ማታ ነው። ቀኑን የመረጠችበት ምክንያት ፈገግ አሰኘኝ፤ መድኃኒቱ ደም ውስጥ ከፍ የሚለው ከተወጋ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ዓርብ ደግሞ ጾም ነው። ቅቤና ሥጋ በማይቀርብበት ቀን ማቅለሽለሹ ቀለል ይላታል። ሐኪሟ እንዲህ ያለ ምክር አልሰጣትም፤ ራሷ ነች የደረሰችበት።

መጀመሪያ የሚሰጠው መጠን 0.25 ሚሊግራም ነው፤ እሱ ማክሰሻ አይደለም፣ ማለማመጃ ነው። በየአራት ሳምንቱ ወደ 0.5፣ ወደ 1፣ ወደ 1.7 ከፍ እያለ ከ16 ሳምንት በኋላ 2.4 ላይ ይደረሳል። ስለዚህ በመጀመሪያው ወር ሚዛኑ ላይ ወጥቶ «አልሠራልኝም» ማለት ከጊዜው መቅደም ነው። አንዳንዱ ግን ኪሎው ሳይነካ ሌላ ነገር ይሰማዋል። «ምሳ እየበላሁ ስለ እራት አስብ ነበር» አለችኝ፤ «የመንከባከቢያው ኩሽና ዶናት ሲገባ እዚያ ፎቅ ድረስ አውቀው ነበር። አሁን ጭንቅላቴ ውስጥ ጸጥ ብሏል።» ዶናቱ ግን አሁንም በየሰኞው ይመጣል።

ማቅለሽለሹን ማቃለል አልፈልግም። በ2021 በወጣው፣ 1,961 ሰዎች በተሳተፉበት ዋናው ጥናት ሴማግሉታይድ ከወሰዱት 44 በመቶው አቅለሽልሿቸዋል። ተቅማጥ፣ ማስመለስ፣ የሆድ ድርቀትም አለ። አብዛኛው የሚመጣው መጠኑ በተጨመረ ሰሞን ነው፤ ከዚያ ይበርዳል። ሆድ ሞልቶ ሳለ «ትንሽ ጨምሪ» የሚባልበት የኛ ገበታ ግን ለዚህ መድኃኒት አይመችም። ጥጋብ እንደተሰማ ማቆም፣ ቅባት የበዛበትን መቀነስ፣ ቀስ ብሎ መብላት ይጠይቃል። ጨርሶ ዝም የማይባለው ከላይኛው ሆድ ወደ ጀርባ የሚዘልቅ፣ የማይለቅ ከባድ ሕመም ነው፤ ቆሽት ተቆጥቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። የሐሞት ጠጠርም ይከሰታል፤ ክብደት በፍጥነት ሲወርድ ያለመድኃኒትም የሚመጣ ነገር ነው። በቤተሰቡ ውስጥ ሜዱላሪ የሚባለው የታይሮይድ ካንሰር የነበረበት ሰው አይወስደውም። ለማርገዝ ያሰበች ሴት ሴማግሉታይድን ሁለት ወር ቀደም ብላ ማቆም አለባት። ቲርዜፓታይድ የምትወስድ ደግሞ የእርግዝና መከላከያ እንክብሏን ብቻ ማመን የለባትም፤ ስትጀምርና መጠኑ በተጨመረ ቁጥር ለአራት ሳምንት ሌላ መከላከያ ትጨምራለች።

ወደ ኪሎው። በዚያው ጥናት ሰዎቹ በሦስተኛው ወር መጨረሻ ከክብደታቸው 6 በመቶ ገደማ፣ በ68ኛው ሳምንት በአማካይ 14.9 በመቶ ቀንሰዋል፤ መድኃኒት የሌለበት መርፌ የወሰዱት 2.4 በመቶ። መቶ ኪሎ የነበረ ሰው ዓመት ከሩብ ውስጥ 85 ኪሎ ላይ ይደርሳል ማለት ነው። ቲርዜፓታይድ በከፍተኛው መጠኑ በ72 ሳምንት ወደ 21 በመቶ አድርሷል፤ በ2025 ሁለቱ ፊት ለፊት ሲነጻጸሩም 20.2 ለ13.7 አሸንፏል። ግን እነዚህ አማካዮች ናቸው። አንዱ ሩቡን ክብደቱን ያጣል፣ ሌላው አምስት በመቶ እንኳ አይሞላለትም፤ የትኛው እንደሚሆን አስቀድሞ የሚነግር ምርመራ በየክሊኒኩ የለም። የጓደኛን ኪሎ እያዩ የራስን መርገም እዚህ ላይ ትርጉም የለውም።

በአራተኛው ወር አካባቢ ረዳት ነርሷ ማበጠሪያዋ ላይ የቀረውን ፀጉር አይታ ደንግጣለች። ይህ ክብደት በፍጥነት ሲወርድ የሚመጣ መርገፍ ነው፤ ከወሊድ በኋላ እንደሚያጋጥመው ዓይነት፣ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ የሚበቅል። እኔን ያሳሰበኝ ግን የማይታየው ነው።

የሚጠፋው ኪሎ ሁሉ ስብ አይደለም። ከዋናው ጥናት ተሳታፊዎች ጥቂቶቹ ሰውነታቸው በልዩ ራጅ ሲለካ፣ ከቀነሱት ክብደት አሥር እጁ ውስጥ አራቱ ገደማ ከስብ ውጭ ያለ ነበር፤ ጡንቻ አለበት፣ ውኃም አለበት። ሠላሳ ዓመት ለሆነው ሰው ብዙም ላይሰማው ይችላል። ስድሳ አምስት ዓመት ሆኗቸው ደረጃ ሲወጡ ጉልበታቸውን ለሚይዙ እናት ግን ከባድ ነገር ነው። መከላከያው ፕሮቲንና ክብደት ማንሳት ነው፤ ጂም መሄድ ባይቻል ከወንበር እየተነሱ መቀመጥ፣ ደረጃ መውጣት።

እዚህ ላይ የኛ ነገር ከሌላው ይለያል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት የለም። ብዙ ምእመን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አይቀምስም። መርፌው ባለበት ሆድ ላይ ይህ ሲጨመር በቀን አንዴ ግማሽ እንጀራ በሽሮ የሚበላ፣ ውኃ ያልጠጣ፣ የሚያቅለሸልሸው ሰው ይወጣል። የሆድ ድርቀቱ ይብሳል፣ ኩላሊትም ሊጎዳ ይችላል። በረመዳንም ቀኑን ሙሉ ውኃ የለምና ስጋቱ ያው ነው። የምግብ ባለሙያዎች ለእንዲህ ዓይነት ሰው ብዙውን ጊዜ በቀን ከ60 ግራም ያላነሰ ፕሮቲን ይመክራሉ። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም ገደማ አለው፤ ስለዚህ ጾመኛ ሰው ምስሩን፣ አተሩን፣ ባቄላውን፣ ቶፉውን አስቀድሞ እንጀራውን ወደ መጨረሻ ቢያደርግ ይሻላል፤ ሆዱ ግማሽ መንገድ ላይ «በቃኝ» ሲል የቀረው እንጀራው ይሁን። ቤተ ክርስቲያን ለታመመና መድኃኒት ለሚወስድ ጾሙን የምታላላበት ሥርዓት እንዳላት ሁሉም ያውቃል፤ የንስሐ አባትን መጠየቅ ብቻ ነው። ረዳት ነርሷ እስካሁን አልጠየቀችም። ብትጠይቅ ከባሏ፣ ከሐኪሟና ከኔ ቀጥሎ ምስጢሯን የሚያውቁት አራተኛው ሰው እሳቸው ይሆናሉ።

ምስጢሩ ራሱ አደጋ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ለስኳር ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው መርፌውን በድብቅ ቢጨምርበትና ቢጾም ስኳሩ ድንገት ሊወርድ ይችላል፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ራስን መሳት። ክብደቱ በቀነሰ ቁጥር የደም ግፊት ክኒኑም ሊበዛበት ስለሚችል ሐኪሙ መጠኑን ማየት አለበት። ቀዶ ጥገና የሚጠብቀው ሰው ለማደንዘዣ ባለሙያው ካልተናገረ፣ ከትናንት ምሽት የበላው አሁንም ጨጓራው ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ለእትዬ ባይነገር ምንም አይደለም። ለሐኪም አለመናገር ግን ሌላ ነው።

ከዚያ ሚዛኑ ይቆማል። በሴማግሉታይድ ብዙውን ጊዜ በ60ኛው ሳምንት አካባቢ ነው። ሰው ሁሉ ይህን «ሰውነቴ ለመደው» ይለዋል፤ መጠን ካልተጨመረልኝ የሚልም አለ። እኔ ግን የመድኃኒቱ ዋና ሥራ ያን ጊዜ ይጀምራል ብዬ ነው የማየው። የቀነሰ ሰውነት የሚያቃጥለው ይቀንሳል፣ ረሀቡም ይጨምራል፤ ወደነበረበት ሊመለስ ይታገላል። መርፌው ያን ትግል ይይዘዋል። ሁለት ዓመት የወሰዱት ሰዎች በአማካይ 15.2 በመቶ ላይ ነው የተገኙት፤ የቀነሱት አልተመለሰም። የልብ በሽታ ያለባቸው፣ ስኳር ግን የሌለባቸው 17,604 ሰዎችን በተከታተለውና በ2023 በወጣው ጥናት ደግሞ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ)፣ ስትሮክና ከልብና ከደም ሥር ሕመም የሚመጣ ሞት ሲደመር በ20 በመቶ ቀንሷል። ከሱሪ ቁጥር ይልቅ ለኔ ትልቁ ዜና ይሄ ነው፤ ድግስ ላይ ግን ማንም አያወራውም።

መርፌው ሲቆም የሚሆነውን ያስተማሩኝ በዋሽንግተን አጠገብ፣ አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ አንድ ጋሼ ናቸው። ስድሳ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ለረጅም ጊዜ ታክሲ ነድተው አሁን የመኪና ማቆሚያ ያስተዳድራሉ። በዓመት ውስጥ 18 ኪሎ ቀነሱ። መሥሪያ ቤታቸው ኢንሹራንስ ሲቀይር አዲሱ ድርጅት ለክብደት መድኃኒት አልከፍልም አለ። የዊጎቪ ዋጋ ያን ጊዜ በወር ከ1,300 ዶላር በላይ ተጽፎ ነበር። አቆሙ። «ሁለት ሳምንት ምንም አልሆንኩም» አሉኝ፤ «ሦስተኛው ላይ ሌሊት ስምንት ሰዓት ተነስቼ ቀዝቃዛ ፓስታ ስበላ ራሴን አገኘሁት።» በዘጠኝ ወር ውስጥ አሥራ አንዱ ኪሎ ተመለሰ። ሚስታቸው፣ ጋሼ ቀጠን ሲሉ አስጠብበው የነበረውን ኮት እንደገና ለማስፋት ወስደዋል።

የሳቸው ታሪክ ከጥናቱ ጋር በጣም ይቀራረባል። በ68 ሳምንት 17.3 በመቶ ቀንሰው ያቆሙ ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ከዚያ ሁለት ሦስተኛውን መልሰው ጨምረዋል፤ የተሻሻለው ደም ግፊትም አብሮ ወደ ኋላ ሄዷል። የቲርዜፓታይዱም ጥናት ይህንኑ አሳይቷል። ይህ የፈቃድ ማነስ አይደለም፤ ግፊት ክኒኑን ያቆመ ሰው ግፊቱ ሲመለስ ማንም አይገረምም። በ2025 በወጣ የአሜሪካ የሕክምና መዝገቦች ጥናት ስኳር ከሌለባቸው ተጠቃሚዎች ከ10ሩ ከ6 በላይ የሚሆኑት በአንድ ዓመት ውስጥ አቁመዋል። ብዙው የሚሰናከለው በዋጋና በኢንሹራንስ ነው። ኖቮ ኖርዲስክ ከመጋቢት 2025 ጀምሮ ያለ ኢንሹራንስ ለሚገዛ ሰው በወር 499 ዶላር መሸጥ ጀመረ፤ በኋላም ቀንሷል። ቢሆንም በኪስ ለሚከፍል የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ በየወሩ የሚወጣ፣ ማብቂያ የሌለው ዕዳ ነው። ሐኪም ፊት ሲቀርቡ «ስንት ወር እከፍላለሁ?» ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም፤ የሕክምናው አካል ነው።

ዋጋው ሰውን የት እንደሚገፋው እናውቃለን። በቴሌግራም «ኦዜምፒክ አለን» የሚሉ፣ ከዚህ ወደ አዲስ አበባ ሻንጣ ውስጥ የሚያሻግሩ፣ በብልቃጥ የተቀመመ የሚሸጡ አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2024 ብራዚል፣ ብሪታንያና አሜሪካ ውስጥ የተገኙ አስመስለው የተሠሩ ኦዜምፒኮችን ጠቅሶ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤት ደግሞ ከብልቃጥ በሲሪንጅ ራሳቸው ቀድተው ከታዘዘላቸው ከ5 እስከ 20 እጥፍ የወጉ ሰዎች ሆስፒታል መግባታቸውን ገልጿል። ሚሊግራምና የሲሪንጁ መስመር ተምታቶባቸው ነው።

ጋሼ አዲሱ ዋጋ ሲወጣ እንደገና ጀምረዋል። ብዙ ሳምንት ስላለፋቸው ካቆሙበት መቀጠል አልተፈቀደላቸውም፤ ከ0.25 ተነስተው ወደ ላይ ወጡ። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ለገና አገር ቤት ሊገቡ ነው፤ አዲስ አበባ ሰንብተው ድሬዳዋ እህታቸው ጋ ይሄዳሉ። ሐበሻዋ ፋርማሲስታቸው አራት ብዕር ያለበትን ካርቶን በሁለት እጇ ይዛ ጠረጴዛው ላይ ታስረዳቸዋለች።

«በእጅ ሻንጣ ነው ጋሼ፤ ከታች የሚገባው ሻንጣ ውስጥ ከቀዘቀዘና ከረጋ ተበላሸ ማለት ነው፣ ይጣላል። ከፍሪጅ ውጭ 28 ቀን ይቆያል፣ ከ30 ዲግሪ ካልበለጠ።»

«አዲስ አበባ የት 30 ይደርሳል?»

«አዲስ አበባ ቁምሳጥን ውስጥ ይበቃዋል። ድሬዳዋ ግን እህትዎ ፍሪጅ ውስጥ፣ በረዶ ቤቱን ሳይነካ።»

«መብራት ቢጠፋስ?»

«ቢጠፋ ፍሪጁን ደጋግመው አይክፈቱት። አራተኛው ለጥምቀት ሰሞን ይደርስልዎታል፤ አምስተኛውን ሲመለሱ ከኔ ይወስዳሉ።»